ሕዝብ የወሰነውን ፓርቲ ሊሽረው ይገባልን?

በሴፕቴምበር 2019 የብሪታንያ ሊበራል ዴሞክራት ፓርቲ በደቡብ ጠረፍ ባለችው በቦርንማውዝ ከተማ ጉባኤ ተቀምጦ አንድ ውሳኔ አሳለፈ (የውጭ አገር ዘመኖችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። ፓርቲው በቀጣዩ ምርጫ አብላጫ ወንበር አግኝቶ ብቻውን መንግሥት ከመሠረተ፣ አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረትን ለመልቀቅ ያስገባችውን ደብዳቤ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ሳይጠራ ይሰርዛል የሚል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጁን 23 ቀን 2016፣ 17.4 ሚሊዮን መራጭ «እንውጣ»፣ 16.1 ሚሊዮን ደግሞ «እንቆይ» ብሎ ነበር፤ በመቶኛ 51.9 ለ48.1 መሆኑ ነው። ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የቋጨውን ጉዳይ አንድ ፓርቲ «ከመረጣችሁኝ እሽረዋለሁ» ብሎ ለምርጫ ሊያቀርበው ይገባል ወይ? ጥያቄው ከብሪታንያ በፊትም ነበረ፤ በፈረንሳይ፣ በግሪክ፣ በአየርላንድ፣ በስዊዘርላንድ በልዩ ልዩ መልክ ተነስቷል። እነዚህን ሁሉ አገላብጬ ሳያቸው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ ፓርቲ የሕዝበ ውሳኔን ውጤት መቃወምም ሆነ እንዲለወጥ መቀስቀስ ሙሉ መብቱ ነው፤ የመሻሩ ሥልጣን ግን ውሳኔውን ለሰጠው ሕዝብ ተመልሶ መቅረብ አለበት፤ የፓርላማ ወንበር ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

በመጀመሪያ የሕጉን ነገር እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የሊበራል ዴሞክራቶቹ ቃል ሕገ ወጥ አልነበረም። ለ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ የወጣው የ2015 አዋጅ ድምፅ እንዲሰጥ ከማዘዝ አልፎ፣ ውጤቱ ይህ ከሆነ መንግሥት ይህን ያደርጋል የሚል አንቀጽ አልነበረውም። በ2011 በምርጫ ሥርዓት ለውጥ ላይ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ግን ሕጉ ሌላ ነበር፤ ሕዝቡ «አዎ» ካለ ሚኒስትሩ አዲሱን ሥርዓት ሥራ ላይ ማዋል እንዳለበት አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 2017፣ ስምንት ዳኞች ለሦስት ተለያይተው በሰጡት ፍርድ፣ የ2016ቱ ውጤት ብቻውን ሕግን እንደማይለውጥና መንግሥት የመልቀቂያውን ደብዳቤ ለመላክ የፓርላማ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። በዲሴምበር 2018 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ብሪታንያ ደብዳቤዋን የሌሎቹን አባል አገሮች ፈቃድ ሳትጠይቅ መሳብ እንደምትችል ወሰነ። መንገዱ በሕግ በኩል ክፍት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን መንግሥት ከድምፁ በፊት በየቤቱ ባደለው በራሪ ጽሑፍ የምትወስኑትን እፈጽማለሁ ብሎ ለመራጩ ነግሮት ነበር፤ በ2017ቱ ምርጫም ውጤቱን እናከብራለን ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ወግ አጥባቂውና ሌበር፣ በአንድነት ከመቶ 82 የሚሆነውን ድምፅ ወስደዋል። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የፖለቲካ ቃል ኪዳን ተተክቶ ነበር፤ የሚመዘነውም ይኸው ቃል ኪዳን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ለእኔ የክርክሩ አስኳል ያለው እዚያ ነው። የብሪታንያ ምርጫ በየወረዳው ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያልፍበት ነው። በዚህ ሥርዓት ፓርላማን ለመቆጣጠር የግማሹን መራጭ ድምፅ ማግኘት አያስፈልግም፤ በ2005 ሌበር ከመቶ 35 ድምፅ ይዞ፣ በ2024 ደግሞ ከመቶ 34 እንኳ ሳይሞላ፣ ጠንካራ አብላጫ ወንበር አግኝቷል። በአገሪቱ ታሪክ ለአንድ ፓርቲ ከተሰጠው ድምፅ ሁሉ ትልቁ ወግ አጥባቂዎቹ በ1992 ያገኙት ሲሆን፣ እሱም 14.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። 17.4 ሚሊዮን ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ሊበራል ዴሞክራቶች ያሰቡት ቢሳካላቸው ኖሮ እንኳ፣ አሥርና አሥራ ሁለት ሚሊዮን ሰው ስለ ግብር፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ኅብረቱ በአንድ ላይ የሰጠውን ድምፅ ይዘው፣ 17.4 ሚሊዮን ሰው በአንድ ጥያቄ ላይ የሰጠውን መልስ ሊሰርዙ ነበር። ትንሹ ትልቁን፣ የተደባለቀው የጠራውን ሻረው ማለት ነው።

ምርጫ አንድን ጥያቄ ነጥሎ እንደማይመልስ የዚያው ዓመት ውጤት ራሱ ያሳያል። በዲሴምበር 12 ቀን 2019 ምርጫ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ይጠራ ወይም መውጣቱ ይሰረዝ ያሉት ፓርቲዎች፣ ማለትም ሌበር፣ ሊበራል ዴሞክራቶች፣ የስኮትላንድና የዌልስ ብሔርተኞችና አረንጓዴዎቹ፣ ድምፃቸው ቢደመር ከግማሽ ጥቂት ያልፋል። ሆኖም «መውጣቱን እንጨርስ» ያለው የቦሪስ ጆንሰን ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከመቶ 43.6 ድምፅ ይዞ 365 ወንበር አገኘና አገሪቱ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። ለመቆየት የቆመ ሰው ይህን ግፍ ነው ቢል አልፈርድበትም። ግን ክርክሩ በሁለት በኩል ይቆርጣል፤ የወንበር ብዛት ለመውጣት እውነተኛ የሕዝብ ፈቃድ አይደለም የሚል ሰው፣ የወንበር ብዛት ለመሰረዝ በቂ ፈቃድ ነው ሊል አይችልም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከፓርላማ የበላይነት የሚነሳ ነው። በብሪታንያ ፓርላማ የማይሽረው ነገር የለም፤ ያለፈው ፓርላማ የሚመጣውን አያስርም፤ ታዲያ ቃሉን በማኒፌስቶው በግልጽ ጽፎ ያሸነፈ ፓርቲ ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ ይፈልጋል? ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ቀድሞም የተሞከረ ነው። በጁን 1975 ብሪታንያውያን በያኔው የአውሮፓ ማኅበር ውስጥ ለመቆየት ከመቶ 67 በላይ በሆነ ድምፅ ወሰኑ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በማይክል ፉት ይመራ የነበረው ሌበር በ1983 ማኒፌስቶው ያለ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ አገሪቱን ከማኅበሩ አስወጣለሁ አለ። ከመቶ 27.6 ድምፅና 209 ወንበር አግኝቶ ክፉኛ ተሸነፈ። የሽንፈቱ ምክንያት ይህ ብቻ አልነበረም፤ ይሁንና ፓርቲው ወደዚያ አቅጣጫ ማዘንበሉ በ1981 ሮይ ጄንኪንስን፣ ሸርሊ ዊሊያምስን፣ ዴቪድ ኦወንንና ቢል ሮጀርስን ገፍቶ አዲስ ፓርቲ እንዲያቋቁሙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ያ ፓርቲ ነው በ1988 ከሊበራሎቹ ጋር ተዋሕዶ ሊበራል ዴሞክራት የሆነው። የ1975ቱ የሕዝብ ድምፅ በፓርቲ ማኒፌስቶ ሊሻር ነው ብለው ከወጡ ሰዎች የተወለደ ፓርቲ፣ በ2019 የ2016ቱን በማኒፌስቶ ሊሽር ተነሣ። ለዚያውም ይኸው ፓርቲ በ2010 ማኒፌስቶው በኅብረቱ ላይ መሠረታዊ ለውጥ ሲመጣ «እንቆይ ወይስ እንውጣ» የሚል ሕዝበ ውሳኔ እንዲጠራ ጠይቆ ነበር። ፓርላማ የበላይ ነው ማለት እውነት ነው። ነገር ግን የበላዩ አካል ራሱ ጉዳዩን ለሕዝብ አሳልፎ ከሰጠ በኋላ «መልሱ አልጣመኝምና ልውሰደው» ማለት ሥልጣኑን አያጎድለውም እንጂ ታማኝነቱን ያሳጣዋል።

ከዚህ ይልቅ ጠንካራው ተቃውሞ ከፈረንሳይ ይመጣል፤ የብሪታንያ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ዘለውት ማለፋቸው ያስገርመኛል። በሜይ 29 ቀን 2005 ፈረንሳውያን የአውሮፓን ሕገ መንግሥታዊ ውል ከመቶ 54.7 ድምፅ አልቀበልም አሉ። በ2007 የፕሬዚዳንት ምርጫ ኒኮላ ሳርኮዚ በግልጽ ተናገረ፦ ከተመረጥኩ የተቀነሰ ውል እደራደራለሁ፣ የማጸድቀውም በፓርላማ ነው። ተቀናቃኙ ሴጎሌን ሮያል አዲሱ ውል ወደ ሕዝበ ውሳኔ ይመለሳል ብላ ነበር። መራጩ ሁለቱንም ሰምቶ ሳርኮዚን ከመቶ 53 ድምፅ መረጠ፤ የሊዝበን ውል የተባለው አዲሱ ውልም በፌብሩዋሪ 2008 በፓርላማ ጸደቀ። ታዲያ ይህ አስቀድሞ በተነገረ ቃል የሕዝብን ውሳኔ መዞር አይደለም? ነው፤ ግን ልዩነት አለው። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በሁለተኛው ዙር ከሁለት ተወዳዳሪዎች አንዱ ሆኖ ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት። ሳርኮዚ 19 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አገኘ፤ በ2005 «አይሆንም» ያሉት ደግሞ 15.4 ሚሊዮን ነበሩ። በዚህ ላይ ሕዝበ ውሳኔ እጠራለሁ የምትል ተወዳዳሪ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ነበረች። የወንበር ሒሳብ ያልቀመመው እውነተኛ የራስ ቆጠራ ነው። እንዲያም ሆኖ እኔ ጥሩ አሠራር ነው አልልም፤ ብዙ ፈረንሳዊ ሳርኮዚን የመረጠው ስለ ሥራና ስለ ግብር አስቦ ነው፣ አዲሱ ውልም ከተጣለው ውል ብዙውን ይዘት ይዞ መመለሱ የተሰወረ አልነበረም። ፓርቲ በምርጫ ብቻ ሕዝበ ውሳኔን ሊሽር የሚችልበት ጠባብ በር አለ ከተባለ ግን ከዚህ የሰፋ አይደለም።

የግሪክ ጉዳይ ከዚህም ይለያል። በጁላይ 5 ቀን 2015 ከመቶ 61 የሚሆነው መራጭ የአበዳሪዎቹን የቁጠባ ሁኔታ አልቀበልም አለ፤ በስምንተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሌክሲስ ሲፕራስ የከበደ ሁኔታ ያዘለ ስምምነት ተቀበለ። በሴፕቴምበርም እንደገና ተመረጠ። ይህ ቃል ገብቶ መሻር አይደለም፤ ባንኮች ተዘግተው ሕዝቡ በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት በተከለከለበት ሳምንት ሌላ ወገን ያስገደደው መገልበጥ ነው። የተጠየቀው ነገር በግሪክ ሕዝብ እጅ ብቻ ያለ አልነበረም። ለፓርቲዎች አርአያ ሊሆን አይችልም፤ ሊፈጸም በማይችል ነገር ላይ ሕዝብን ድምፅ አሰጥቶ ማሳፈር ምን እንደሚመስል ግን ያሳያል።

ሌላው ተቃውሞ ከውሳኔው ጥራት ይነሳል። የ2016ቱ ዘመቻ በሐሰት የተሞላ ነበር፤ በዘመቻው አውቶቡስ ላይ የተጻፈው፣ ብሪታንያ ለኅብረቱ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ትልካለች የሚለው አኃዝ አሳሳች ነበር፤ ዋናው የመውጣት ዘመቻ ድርጅት የወጪ ሕግ ጥሶ በ2018 በምርጫ ኮሚሽኑ 61 ሺህ ፓውንድ ተቀጥቷል፤ «እንውጣ» ማለትም ወዴት እንደሚወጣ አይናገርም ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔ ተበላሽቷል ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ተሸናፊው ወገን መሆን እንደሌለበት የስዊዘርላንድ ምሳሌ ያሳያል። በፌብሩዋሪ 2016 በባለትዳሮች ግብር ላይ ድምፅ ተሰጠና ሐሳቡ በጠባብ ልዩነት ወደቀ። ኋላ መንግሥት ለሕዝቡ የሰጠው ቁጥር ከእውነቱ እጅግ የራቀ መሆኑ ተገለጠ፤ የተጎጂ ጥንዶች ቁጥር 80 ሺህ ተብሎ የነበረው ከ450 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በኤፕሪል 2019 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ያንን ድምፅ ሻረው። የሻረው ፍርድ ቤት ነው፣ ምክንያቱም ተጽፏል፣ ጉዳዩም ተመልሶ ሊታይ የሚችል ሆነ። ማንም ፓርቲ «እኔ ካሸነፍኩ ያ ድምፅ አልነበረም» ማለት አላስፈለገውም። የጥያቄው መደብዘዝም ቢሆን የሚያመለክተው ጥያቄውን አጥርቶ እንደገና ወደ መጠየቅ ነው። ሊበራል ዴሞክራቶቹ ራሳቸው ከ2016 ጀምሮ፣ መንግሥት የተደራደረው ስምምነት ታውቆ «ይህን ወይስ መቆየትን?» ተብሎ ይጠየቅ ሲሉ ነበር። ያ አቋም የማይነቀነቅ ነበር። ለምን እንደተዉት ሳስበው፣ በሜይ 2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሁለተኛ ሆነው 16 መቀመጫ ማግኘታቸውና መሰረዙን የሚጠይቀው የፊርማ አቤቱታ ከስድስት ሚሊዮን ማለፉ ዐይናቸውን የጋረደው ይመስለኛል። ስድስት ሚሊዮን ብዙ ነው፤ ከ17.4 ሚሊዮን ግን ያንሳል።

እንደገና ጠይቁ ማለትም ያለ ነቀፋ አያልፍም። አየርላንዳውያን በ2001 የአውሮፓ ኅብረትን የኒስ ውል ጣሉ፤ በ2002 ተጠይቀው ተቀበሉ። በ2008 የሊዝበንን ውል ጣሉ፤ በ2009 ተጠይቀው ተቀበሉ። ዴንማርክም የማስትሪክትን ውል በ1992 በ50.7 ጥላ በ1993 ተቀበለች። «የተፈለገው መልስ እስኪመጣ ይጠየቃል፣ ሲመጣ ይቆማል» የሚለው ምሬት ከዚህ የመጣ ነው፤ እውነትነትም አለው፤ «አዎ» ያለ ሕዝብ በዓመቱ ተመልሶ ሲጠየቅ አላየንምና። ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። በሁለቱም አገሮች በመካከል የተለወጠ ነገር ነበር፤ ዴንማርክ ከጋራ ገንዘብና ከጋራ መከላከያ ነፃ የሚያደርጋት ስምምነት አገኘች፤ አየርላንድም ስለ ገለልተኝነቷ፣ ስለ ግብርና ስለ ኮሚሽነሯ ማረጋገጫ ተሰጣት። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ፣ ሕዝቡ ለሁለተኛ ጊዜ «አይሆንም» የማለት ነፃነቱ በእጁ ነበር። የተሸነፈ ወገን ይግባኙን ለራሱ አቅርቦ ራሱ ሲፈርድ ግን ይህ ነፃነት የለም።

ለዚህ ጥሩ ሥነ ሥርዓት ያሳዩ ፓርቲዎች አሉ። በ1997 ዌልስ የራሷ ምክር ቤት እንዲኖራት የተወሰነው በ50.3 ለ49.7፣ በሰባት ሺህ በማይሞላ የድምፅ ልዩነት ነው፤ ከ2016ቱም የጠበበ ነበር። ምክር ቤቱን ተቃውመው የተሸነፉት ወግ አጥባቂዎች በ2005 ማኒፌስቶአቸው ምክር ቤቱ እንዳለ ይቀጥል፣ ሥልጣኑ ይስፋ ወይስ ይፍረስ የሚል ሕዝበ ውሳኔ እንጠራለን አሉ እንጂ እናፈርሰዋለን አላሉም። የኖርዌይ ወግ አጥባቂ ፓርቲ፣ ሕዝቡ በ1972ና በ1994 ወደ ኅብረቱ አንገባም ካለ በኋላም፣ አባልነትን መደገፉን አልተወም፤ ያለ ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ ግን አስገባለሁ አይልም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲም የ2014ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ሽንፈት እንዲለወጥ ሲታገል፣ በ2016 ማኒፌስቶው የጠየቀው የሁኔታዎች መሠረታዊ ለውጥ ከመጣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠየቅ ነው። በእነዚህ ሁሉ ፓርቲው እምነቱን አልካደም፣ መራጩንም አልናቀም። ምን ያህል ጊዜ ይቆይ ለሚለው አንድ ቁጥር ማስቀመጥ ያስቸግራል፤ አየርላንዳውያን የፍቺን ጉዳይ በ1986 ጥለው በ1995 በዘጠኝ ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ ተቀብለዋል፤ በፅንስ ማቋረጥ ላይ በ1983 ያስገቡትን አንቀጽ ለመሻር 35 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የተለወጠው ነገር ምንነት ይበልጣል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39ና 47 ሕዝበ ውሳኔ ምክር መጠየቂያ አይደለም፤ የመገንጠል ወይም አዲስ ክልል የመመሥረት ሒደት የሚቋጭበት ደረጃ ነው። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመቶ 98 በላይ በሆነ ድምፅ ክልል ለመሆን ሲወስን ውጤቱ ሕገ መንግሥታዊ ሁኔታ ፈጥሯል፤ ይህን እለውጣለሁ የሚል ፓርቲ ቢመጣ በብሪታንያ እንዳለው የፓርላማ ድምፅ ብቻ አይበቃውም። የኤርትራ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከመቶ 99.8 የሚሆነው መራጭ ነፃነትን መረጠ። ሒደቱን፣ የምርጫውን አቀራረብና የወደብን ነገር የሚተቹ የኢትዮጵያ ፖለቲከኞች ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ መተቸት መብታቸው ነው። ነገር ግን ውሳኔውን የሰጠው ሕዝብ ዛሬ በኢትዮጵያ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ ያንን ውጤት በአዲስ አበባ በሚገኝ ወንበር እቀለብሳለሁ የሚል የምርጫ ቃል ሊጠይቀው የሚገባውን ሰው ሳይጠይቅ የተገባ ቃል ነው።

የመጨረሻው መከላከያ ግልጽነት ነው፤ ቢያንስ ሊበራል ዴሞክራቶቹ አቋማቸውን ሳይሸፍኑ ተናገሩ፣ ሌበር ግን ሲያወላውል ነበር ይባላል። ግልጽነታቸውን አልነሳቸውም። ይሁንና ቃሉ የሚሠራው ብቻቸውን መንግሥት ከሆኑ ብቻ ነበር፤ 12 ወንበር ይዞ ከ2017 ምርጫ ለወጣ ፓርቲ ይህ ይሆናል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። የማይፈተን ቃል መግባት ዋጋ አያስከፍልም መስሏቸው ይሆናል፤ አስከፈላቸው። «እንቆይ» ባዩ ወገን መሰረዝና እንደገና መጠየቅ በሚሉ ሁለት ቀመሮች ተከፈለ፤ ለመውጣት ድምፅ የሰጠውም ሰው፣ ሐሳቡን ሊለውጥ ያሰበው ጭምር፣ ድምፅህ አይቆጠርም እንደተባለ ሰማው። ከፓርቲው ውስጥ እንደ ኖርማን ላም ያሉ የፓርላማ አባላት ይህን አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ ከምርጫው በኋላ በዶሮቲ ቶርንሂል ሰብሳቢነት የተካሄደው የፓርቲው የራሱ ግምገማም ውሳኔውን አጥብቆ ነቅፎታል። መሪዋ ጆ ስዊንሰን የራሷን ወንበር በ149 ድምፅ ተነጠቀች። ከመቶ 11.6 ድምፅ ያገኘው ፓርቲ በፓርላማ የቀረው 11 ወንበር ይዞ ነው። በ2024 ያንን ቃል ትቶ፣ ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ መመለስን የረጅም ጊዜ ግብ አድርጎ ሲወዳደር ከመቶ 12.2 ድምፅ አገኘ፤ ወንበሩ ግን 72 ሆነ። ስድስት እጥፍ ወንበር በአንድ ፐርሰንት እንኳ ባልሞላ ተጨማሪ ድምፅ የሚገኝበት ፓርላማ፣ ሕዝብ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የሰጠውን መልስ የሚሽር ሚዛን ሊሆን አይችልም።